ከራውት ሰርቨር ጋር ያለ የፒሪንግ ሴሽን፦ እንዴት እንከታተለው? ሲበላሽስ ከየት እንጀምር?

«ሴሽኔ አክቲቭ ይላል፤ ታዲያ ፕሪፊክስ ለምን አይመጣም?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ መቁጠር ትቻለሁ። (ሴሽን የሁለት ራውተሮች ግንኙነት ነው፤ ፕሪፊክስ ደግሞ በእሱ በኩል የሚነገር የአይፒ አድራሻዎች ጥቅል።) አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገድ በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ቋንቋ «አክቲቭ» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም። ራውተሩ ሊገናኝ እየሞከረ ነው፣ ገና አልተሳካለትም ማለት ነው። የሚሠራ ሴሽን የሚታወቀው «ኢስታብሊሽድ» በሚለው ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «እሺ፣ ለምን አልተሳካለትም?» የሚለው ጥያቄ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልቅም፤ መመሪያው የተጻፈው ለእሱ ነው።

የጻፍኩት በኢንተርኔት ልውውጥ ነጥብ (ኔትወርኮች በጋራ ስዊች በሚገናኙበት ቦታ) ላይ ራውት ሰርቨር ለምታስተዳድሩ ነው። አባል ሆናችሁ ከሌላኛው ጫፍ ለምትገናኙም አብዛኛው ያገለግላችኋል። ምሳሌዎቹ በርድ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ኦፕንቢጂፒዲ የምትጠቀሙ ከሆነ ትዕዛዙ ይለወጣል እንጂ የፍለጋው ቅደም ተከተል ያው ነው። ትዕዛዞቹን ያስቀመጥኳቸው እንደሚነበቡት ነው፤ ስትተይቧቸው በላቲን ፊደል ይሆናል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይያዝልኝ። ራውት ሰርቨር መንገድ ይነግራል እንጂ ትራፊክ አያሳልፍም። ከአንዱ አባል የሰማውን ፕሪፊክስ ለሌሎቹ ሲነግር የራሱን ኤኤስ ቁጥር (የኔትወርኩን መለያ) በመንገዱ ላይ አይጨምርም፣ ኔክስት ሆፑንም (ትራፊኩ የሚላክበትን ቀጣይ ራውተር አድራሻ) አይቀይርም። ትራፊኩ ከአባል ራውተር ወደ አባል ራውተር በስዊቹ በኩል በቀጥታ ይሄዳል። ብዙ ግራ የሚያጋቡ ብልሽቶች የሚፈቱት ይህን በማስታወስ ነው።

ሳትጀምሩ አጠገባችሁ የሚኖሩ ነገሮች

- ወደ ራውት ሰርቨሩ መግቢያ። ለፍለጋው ብቻ ከሆነ የበርድን ትዕዛዝ መስጫ በተገደበው ሁነታ ክፈቱት፤ ማየት እንጂ መለወጥ አያስችልም፤ እጅ ቢሳሳት እንኳ ጉዳት የለውም።
- የስዊቹን ፖርቶች ማየት የሚያስችል ፈቃድ።
- የአባላት መዝገብ፦ አይፒ አድራሻ፣ ኤኤስ ቁጥር፣ የተመዘገበ ማክ አድራሻ (የራውተሩ ፖርት መለያ)፣ ኤምዲ5 የይለፍ ቃል አለው ወይስ የለውም፣ የፕሪፊክስ ጣሪያው (የሚፈቀደው ከፍተኛ ብዛት) ስንት ነው።
- ቲሲፒደምፕ (ፓኬት መመልከቻ)፣ በራውት ሰርቨሩ ላይ የተጫነ።
- ሰዓቱ በኤንቲፒ የተስተካከለ ሎግ። የእናንተ ሎግና የአባሉ ሎግ በ3 ደቂቃ ቢለያዩ ሁለቱን ማዛመድ ከባድ ድካም ነው።
- የመለኪያ መሰብሰቢያ (ፕሮሚቲየስ ወይም የለመዳችሁት) እና አባላት ራሳቸው የሚያዩበት ሉኪንግ ግላስ።
- የአባሉን ራውተር በእጁ የሚነካው ሰው ስልክ። የጽሕፈት ቤቱ ስልክ ሌሊት አይነሳም።

ክፍል አንድ፦ ክትትል

1. ጤናማውን ሁኔታ መዝግቡ

ሁሉም ነገር ደህና በሆነበት ቀን «ሾው ፕሮቶኮልስ ኦል» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡና ውጤቱን አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ አባል የሚፈለገው፦ ስንት ፕሪፊክስ ተቀበልን፣ ስንቱ በፊልተር ቀረ፣ ስንት ላክንለት፣ የተስማማንበት ሆልድ ታይም (ከሌላው ወገን ድምፅ ሳይሰማ ሴሽኑ የሚቆይበት ጊዜ) ስንት ነው።

ለምን? ዛሬ ከአንድ አባል 40 ፕሪፊክስ ቢመጣ ጥሩ ይሁን መጥፎ የምታውቁት ትናንት ስንት እንደነበር ስታውቁ ብቻ ነው። ሆልድ ታይሙም እንዲሁ። በርድ ካልተነገረው 240 ሰከንድ ይላል፣ ብዙ የሲስኮ ራውተሮች 180፣ ጁኒፐር 90። ሁለቱ ወገኖች የሚሠሩት በትንሹ ነው። ቁጥሩን ካላወቃችሁ ደረጃ 8 ላይ ያለው ስሌት አይሠራላችሁም።

2. ከ«አለ» እና «የለም» ያለፈ ነገር ለኩ

የሴሽኑን ሁኔታ በየ5 ደቂቃው የሚጠይቅ ክትትል በመሐል ወድቆ የተነሳውን አያይም። ጥያቄው ሲመጣ ሴሽኑ ኢስታብሊሽድ ነው፤ ግራፉ አረንጓዴ ነው፤ አባሉ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያማርር ይውላል። ስለዚህ ከሁኔታው ጋር «ከመቼ ጀምሮ» የሚለውንም ሰዓት ሰብስቡ። ያ ሰዓት በተለወጠ ቁጥር ሴሽኑ ወድቆ ተነስቷል ማለት ነው።

በተጨማሪ በእያንዳንዱ ሴሽን የተቀበላችሁትን፣ ያጣራችሁትንና የላካችሁትን የፕሪፊክስ ብዛት፣ የስዊች ፖርቱን የስህተት ቆጣሪ፣ የሰርቨሩን ሜሞሪና ሲፒዩ ለኩ። በአርፒኬአይ (ፕሪፊክሱን ማወጅ የተፈቀደለት ማን እንደሆነ በሚያረጋግጥ ሥርዓት) የምታጣሩ ከሆነ ደግሞ ከማረጋገጫ ሰርቨሩ ጋር ያለውን የአርቲአር ግንኙነት። ይህን የመጨረሻውን የሚረሱት ብዙዎች ናቸው። ግንኙነቱ ተቋርጦ መረጃው ጊዜው ሲያልፍ ሁሉም ፕሪፊክስ «ያልታወቀ» ይሆናል፤ የቢጂፒ ሴሽኖቹ አንዳቸውም ሳይወድቁ ማጣሪያችሁ በጸጥታ ይከፈታል።

3. ማንቂያውን በልክ አድርጉት

እንደ እኔ ልምድ ሰው የሚያስነሱ ማንቂያዎች እነዚህ ቢሆኑ ይበቃል፦

- ሴሽኑ ወድቆ ከ10 ደቂቃ በላይ ሲቆይ። አባሉ ራውተሩን አድሶ ሊሆን ይችላልና አጭሩን ልቀቁት።
- በአንድ ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ወድቆ ሲነሳ።
- ኢስታብሊሽድ ሆኖ ተቀባይነት ያገኘው ፕሪፊክስ 0 ሲሆን፣ ወይም ከወትሮው ግማሽ በታች ሲወርድ።
- በአንድ ስዊች ላይ ያሉ ብዙ ሴሽኖች አብረው ሲወድቁ። ይህ 60 መልእክት ሳይሆን አንድ መልእክት ሆኖ ይምጣ። በ60ው መሐል የስዊቹ ዜና ይጠፋል።

ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፤ በደረጃ 1 ከመዘገባችሁት ጋር አዛምዷቸው።

ክፍል ሁለት፦ ብልሽት ፍለጋ

4. ምንም ሳትነኩ አራቱን ሴሽኖች አነጻጽሩ

በአብዛኛው የልውውጥ ነጥብ ሁለት ራውት ሰርቨር አለ፤ አባሉም ከእያንዳንዱ ጋር በአይፒቪ4 እና በአይፒቪ6 ይገናኛል። አራት ሴሽን ማለት ነው። ከመመሪያው ውስጥ አንድ ደረጃ ብቻ ምረጡ ብባል ይህን እመርጥ ነበር፤ ግማሹን ፍለጋ በ1 ደቂቃ ያሳጥራል።

- አራቱም ከወደቁ፦ የአባሉ ፖርት፣ ገመድ ወይም ራውተር ነው። የራሳችሁን ኮንፊግ አትመርምሩ፤ ወደ ደረጃ 6 ሂዱ።
- በአንዱ ሰርቨር ሁለቱም ወድቀው በሌላው ሁለቱም ካሉ፦ ገመዱ ደህና ነው። ችግሩ በዚያ ሰርቨር ላይ ያለው ኮንፊግ ወይም ፋየርዎል፣ አለዚያም አባሉ የዚያን ሰርቨር አድራሻ በስህተት አስገብቶ ነው።
- አይፒቪ4 ወድቆ አይፒቪ6 በሁለቱም ሰርቨር ካለ፦ ገመዱም ራውተሩም አሉ። የአድራሻ፣ የሰብኔት ማስክ ወይም የአክሰስ ሊስት (የፓኬት መፍቀጃና መከልከያ ዝርዝር) ነገር ነው።
- ከአራቱ አንዱ ብቻ ከወደቀ፦ የይለፍ ቃል፣ የኤኤስ ቁጥር ወይም የፕሪፊክስ ጣሪያ። ወደ ደረጃ 5።

ከዚያ ደግሞ ጎረቤቶቹን እዩ። በዚያው ስዊች ላይ ያሉ ሌሎች አባላትም ወድቀው ከሆነ ጉዳዩ የአባሉ አይደለም።

5. የመጨረሻውን ስህተት አንብቡ

የአባሉን ፕሮቶኮል ስም ጨምራችሁ «ሾው ፕሮቶኮልስ ኦል» በሉና «ላስት ኤረር» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ሪስታርት ካደረጋችሁ ይህ መስመር ሊጠፋ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁ ሎጉ ብቻ ነው፣ ሎጉም ካለ። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እንዲሉ፣ ሳያነቡ ሪስታርትም እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ የምታዩት ስህተቱን ማን እንደላከው ነው። መስመሩ «ሪሲቭድ» ብሎ ከጀመረ ሴሽኑን የዘጋው አባሉ ነው። «ቢጂፒ ኤረር» ካለ የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ። ብዙ ሰው ይህን ቃል ዘሎ ወደ ስህተቱ ስም ይሄዳል፤ ከዚያ የአባሉን ችግር በራሱ ሰርቨር ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ብዙ ጊዜ የሚገጥሟችሁ የኖቲፊኬሽን (ሴሽን የሚዘጋ የስህተት መልእክት) ቁጥሮች፦

- 2/2፣ የተሳሳተ ኤኤስ ቁጥር። አንዱ ወገን የሌላውን ኤኤስ በስህተት ጽፏል። አባሉ ኤኤስ 64500 ብሎ ተመዝግቦ ከ64501 የሚመጣ ከሆነ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም።
- 3/11፣ የተበላሸ ኤኤስ ፓዝ (መንገዱ ያለፈባቸው ኤኤሶች ዝርዝር)። ከ«ሪሲቭድ» ጋር ከመጣ ወደ ደረጃ 10 ዝለሉ፤ መልሱ እዚያ አለ።
- 4፣ ሆልድ ታይም አለቀ። ደረጃ 8።
- 6/1፣ የፕሪፊክስ ጣሪያ ታለፈ። ይህም ደረጃ 8 ላይ አለ።
- 6/2፣ በአስተዳዳሪ ተዘጋ። ሰው ሆን ብሎ ዘግቶታል። አዳዲስ ራውተሮች ከዚህ ጋር አጭር ጽሑፍ መላክ ይችላሉ፤ «እስከ ንጋት ጥገና ላይ ነን» የሚል መልእክት ሎጉ ውስጥ ተቀምጦ ሰው በከንቱ ሲደዋወል አይቻለሁ።
- 6/3፣ ሴሽኑ ከኮንፊግ ተሰርዟል። ደውላችሁ ሆን ተብሎ እንደሆነ ጠይቁ።

ስህተት ከሌለና ሁኔታው «አክቲቭ»፣ «ኮኔክት» ወይም «ፓሲቭ» ከሆነ ሁለቱ ወገኖች ገና አልተነጋገሩም፤ ቀጥሉ። «ፓሲቭ» ማለት ሰርቨራችሁ እንዲጠብቅ እንጂ እንዲደውል አልታዘዘም ማለት ነው። በራውት ሰርቨር ላይ የተለመደ አሠራር ነው። ግን አባሉም በራሱ በኩል ፓሲቭ ካደረገው ሁለቱም ሲጠባበቁ ይኖራሉ።

6. ፖርቱንና ማክ አድራሻውን እዩ

ከስዊቹ ጀምሩ። ፖርቱ ላይ ሊንክ አለ? የኦፕቲክስ የብርሃን ኃይል ከወትሮው ወርዷል? የሲአርሲ ስህተት (በመንገድ የተበላሸ ፍሬም) እየጨመረ ነው? ቆጣሪው 5,000 ማለቱ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ 1 ደቂቃ ጠብቃችሁ ድጋሚ ስታዩት ከጨመረ ችግሩ አሁንም አለ።

ቀጥሎ ከራውት ሰርቨሩ የአርፕ ሠንጠረዡን (የትኛው አይፒ የትኛውን ማክ እንደያዘ የሚያሳየውን)፣ ለአይፒቪ6 የጎረቤት ሠንጠረዡን ተመልከቱ።

- አድራሻው ምንም ማክ ካልያዘ አባሉ ለአርፕ እየመለሰ አይደለም።
- የያዘው ማክ ከተመዘገበው የተለየ ከሆነ አባሉ ራውተር ቀይሯል፣ ወይም ሌላ አባል በስህተት ያንኑ አይፒ ወስዷል። ብዙ የልውውጥ ነጥቦች በአንድ ፖርት ላይ አንድ ማክ ብቻ ስለሚፈቅዱ ራውተር ተቀይሮ ማክ ካልተሻሻለ ሊንኩ አለ፣ ፓኬቱ ግን አያልፍም።
- የብዙ አድራሻዎች ማክ አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ አባል ፕሮክሲ አርፕ (ስለ ሌሎች አድራሻ በራሱ ማክ መመለስ) አብርቷል። ይህ የአንድ ሴሽን ጉዳይ አይደለም፤ የሁሉንም ትራፊክ ወደ ራሱ ሊስብ ይችላልና ፖርቱን ወዲያው ለዩት።

7. ፒንግ አድርጉ፣ ከዚያ ፖርት 179ን

ከሰርቨሩ ወደ አባሉ አድራሻ ፒንግ አድርጉ። ፒንግ አለመመለሱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ አንዳንድ አባል ሆን ብሎ ይዘጋዋል። አርፕ አለ፣ ፒንግ የለም ብላችሁ አትደምድሙ።

ቢጂፒ የሚሄደው በቲሲፒ ፖርት 179 ነው። ቲሲፒደምፕን በአባሉ አድራሻና በፖርት 179 ብቻ አጥባችሁ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ አስኬዱት፤ ዳግም የመሞከሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ እስከ 120 ሰከንድ ስለሚደርስ ከዚያ ካነሰ ምንም ሳታዩ ልትዘጉት ትችላላችሁ። ከዚያ የምታዩት ከነዚህ አንዱ ነው፦

- ምንም ፓኬት የለም። ማንም እየደወለ አይደለም። ወይ ሁለቱም ፓሲቭ ናቸው፣ ወይ አባሉ ሴሽኑን አልፈጠረውም።
- ሲን (የግንኙነት መጠየቂያ ፓኬት) ይመጣል፣ ሰርቨራችሁ አይመልስም። የራሳችሁ ፋየርዎል ነው፣ ወይም ኤምዲ5 አልገጠመም።
- ሲን ከእናንተ ይሄዳል፣ ምንም አይመለስም። በአባሉ በኩል አክሰስ ሊስት አለ፣ ወይም እንደገና ኤምዲ5።
- ወዲያው አርኤስቲ (የእምቢታ ፓኬት) ይመለሳል። መንገዱ ደህና ነው፤ እዚያ ማዶ ሴሽኑ አልተዋቀረም ወይም ከሌላ አድራሻ ይጠብቃችኋል።
- ሦስቱ የቲሲፒ መጨባበጫዎች ይሟሉና ወዲያው ይዘጋል። ቲሲፒ ደህና ነው፤ ችግሩ የኦፕን (የቢጂፒ መክፈቻ) መልእክት ውስጥ ነውና የደረጃ 5ን ቁጥር አንብቡ። ሎጋችሁ «ካልታወቀ አድራሻ ያልተጠበቀ ግንኙነት» የሚል መስመር ካለው አባሉ በመዝገቡ ላይ ካለው ውጭ በሆነ አድራሻ እየመጣ ነው።

ኤምዲ5ን ሁለት ጊዜ ያነሳሁት በምክንያት ነው። የይለፍ ቃሉ ሳይገጥም ሲቀር ፓኬቱን የሚጥለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከርነል ነው። በርድ መምጣቱንም አያውቅም፤ ስለዚህ የበርድ ሎግ ባዶ ይሆናል። የሚታየው በከርነሉ ሎግ ወይም በከርነሉ የቲሲፒ ቆጣሪዎች ላይ ነው። ቃሉን አንዱ ወገን ከኢሜይል ቀድቶ በመጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ይዞ መምጣቱ፣ ወይም የጥቅስ ምልክቱን የቃሉ አካል ማድረጉ የተለመደ ነው። ከምትከራከሩ ፊደልና ቁጥር ብቻ ያለው አዲስ ቃል ተስማሙ።

ሁለቱም ወገን ትክክል ነኝ ካለ ቲቲኤልን (ፓኬቱ ሊያልፍ የሚችለውን የራውተር ብዛት) እዩ። በውጫዊ ቢጂፒ (በተለያዩ ኤኤሶች መካከል) ፓኬቱ በተለምዶ በቲቲኤል 1 ይወጣል። ጂቲኤስኤም የሚባለው ጥበቃ የበራበት ወገን ደግሞ 255 ይጠብቃል። በአንዱ በርቶ በሌላው ካልበራ ፓኬቱ ያለ ምንም መልእክት ይጣላል።

8. ሴሽኑ እየተነሳ የሚወድቅ ከሆነ

እዚህ ሰዓት ይዛችሁ ቁሙ። ኢስታብሊሽድ ከሆነበት እስከ ወደቀበት ያለውን ጊዜ ለኩና በደረጃ 1 ከመዘገባችሁት ሆልድ ታይም ጋር አስተያዩት።

ልዩነቱ በየጊዜው ከሆልድ ታይሙ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሆልድ ታይም 90 ሆኖ ሴሽኑ በ90ኛው ሰከንድ አካባቢ የሚወድቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኤምቲዩን (በአንዴ የሚያልፈውን ትልቁን ፓኬት መጠን) ጠርጥሩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። «አለሁ» የምትለው ኪፕአላይቭ መልእክት 19 ባይት ብቻ ናት፤ ኦፕንም ትንሽ ነው። ስለዚህ በጠባብ መንገድም ያልፉና ሴሽኑ ይነሳል። ከዚያ ሰርቨሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሪፊክሶችን መላክ ሲጀምር ፓኬቶቹ እስከ ጫፍ ይሞላሉ፤ ትልቁ ፓኬት አያልፍም። ቲሲፒ በተራ ስለሚያደርስ ኋላ የተላኩት ትንንሽ ኪፕአላይቮችም ከትልቁ ጀርባ ተሰልፈው ይቀራሉ። አባሉ ድምፅ ሲያጣ ሆልድ ታይሙ ያልቅና ይዘጋል፤ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አዝዛችሁ፣ ለአይፒቪ4 በ1472 ባይት፣ ለአይፒቪ6 በ1452 ባይት ፒንግ አድርጉ። ራስጌዎቹ ሲደመሩ 1500 ይሞላል። ትንሹ ፒንግ እያለፈ ትልቁ ከቀረ አገኛችሁት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በአባሉና በስዊቹ መካከል ባለ የሌላ አካል ማስተላለፊያ ላይ ነው።

የሆልድ ታይም ስህተት ላይ «ሪሲቭድ» የሚለው ቃል እዚህ ወርቅ ነው። «ሪሲቭድ» ካለ አባሉ እኛን አልሰማም፤ የጠፋው ከእኛ ወደ እሱ የሚሄደው ነው። እኛ ከዘጋነው ደግሞ ተቃራኒው። በየትኛው አቅጣጫ መፈለግ እንዳለባችሁ ያለ ምንም መሣሪያ አወቃችሁ።

ልዩነቱ ወጥ ካልሆነ፣ አንዴ 7 ደቂቃ አንዴ 3 ሰዓት ከሆነ፣ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱና ገመዱን፣ ኦፕቲክሱንና የአባሉን ራውተር ሲፒዩ እዩ።

የፕሪፊክስ ጣሪያ (6/1) ሁለት መልክ አለው። «ሪሲቭድ» ከሆነ አባሉ ከራውት ሰርቨሩ የሚቀበለውን የገደበበት ቁጥር አንሷል። ከዓመታት በፊት የተጻፈ ቁጥር ይሆንና አዲስ ትልቅ አባል ሲገባ ይታለፋል፤ ብዙ አባላት በአንድ ቀን በዚህ ምክንያት ሲወድቁ አትደንግጡ። እናንተ ከዘጋችሁት ግን ጣሪያውን ከማንሳታችሁ በፊት አባሉ ምን እንደላከ ተመልከቱ። ጣሪያው የተቀመጠው አባሉ ከሌላ ቦታ የተማረውን መንገድ በስህተት ሁሉ ሲያፈስ እንዲይዘው ነውና ምናልባት ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

በርድ ከስህተት በኋላ ወዲያው አይሞክርም፤ ካልተለወጠ በቀር 60 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ስህተቱ ከተደጋገመ እስከ 300 ሰከንድ ያራዝመዋል። አስተካክላችሁ «አሁንም አልሠራም» ከማለታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ስጡት።

9. ኢስታብሊሽድ ሆኖ ፕሪፊክስ ከሌለ

የተቀበላችሁትንና በፊልተር የቀረውን ቁጥር ጎን ለጎን እዩ።

የተቀበላችሁትም የተጣራውም 0 ከሆነ አባሉ ምንም እየላከ አይደለም። ዋናው ምክንያት አርኤፍሲ 8212 ነው። ይህን የሚከተሉ ራውተሮች ፖሊሲ በግልጽ ካልተጻፈ በውጫዊ ቢጂፒ አንድም ፕሪፊክስ አይልኩም፣ አይቀበሉም። በኤፍአርአር (ሌላ የራውተር ሶፍትዌር) ላይ አባሉ የጎረቤቶች ማጠቃለያውን ሲያይ በፕሪፊክስ ቁጥር ፈንታ «ፖሊሲ» የሚል ቃል በቅንፍ ካየ ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት የአድራሻ ቤተሰቡ (አይፒቪ4 ወይም አይፒቪ6) ለዚያ ጎረቤት አለመከፈቱ ነው።

የተቀበላችሁት 0 ሆኖ የተጣራው ብዙ ከሆነ የጣላችሁት እናንተ ናችሁ። «ሾው ራውት ፊልተርድ ፕሮቶኮል» ከአባሉ ስም ጋር በሉ። ይህ የሚሠራው ኮንፊጉ ላይ «ኢምፖርት ኪፕ ፊልተርድ» በርቶ ከሆነ ነው፤ ካልበራ የተጣለው አይቀመጥም፣ ምንም አታዩም። ሜሞሪ ቢበላም አብሩት። የሚጣልባቸው ምክንያቶች፦

- የአርፒኬአይ ኢንቫሊድ፦ መነሻው ኤኤስ በሮኣው (የፕሪፊክሱ ባለቤት በአርፒኬአይ በሰጠው ፈቃድ) ላይ ካለው ይለያል፣ ወይም ፕሪፊክሱ ከተፈቀደው ርዝመት ያልፋል። /22 ተመዝግቦ ከፍተኛው ርዝመት 22 ከሆነ /24 አድርጎ መላክ ያስጥላል። ይህ ስህተት በጣም ብዙ ነው።
- በአይአርአር (የመንገድ ምዝገባ) መዝገብ ላይ የፕሪፊክሱ ምዝገባ (የራውት ዕቃ) የለም፣ ወይም የአባሉ ኤኤስ ሴት (የእሱና የደንበኞቹ ኤኤስ ዝርዝር) አዲሱን ደንበኛ አላካተተም። አባሉ ዛሬ ቢያስተካክልም የእናንተ ፊልተር እስኪታደስ ድረስ ለውጥ የለም፤ የሚታደስበትን ሰዓት ንገሩት።
- ኔክስት ሆፑ የአባሉ የራሱ አድራሻ አይደለም።
- የመንገዱ የመጀመሪያ ኤኤስ የአባሉ አይደለም።
- በጣም ያነሰ ፕሪፊክስ፦ በአይፒቪ4 ከ/24፣ በአይፒቪ6 ከ/48 የረዘመ።
- በመንገዱ ላይ የግል ኤኤስ ቁጥር አለ።

ሦስተኛው መልክ፦ እናንተ ተቀብላችኋል፣ አንድ ሌላ አባል ግን «ለእኔ አልመጣም» ይላል። «ሾው ራውት ኤክስፖርት» እና «ሾው ራውት ኖኤክስፖርት» ከዚያ ሌላ አባል ስም ጋር ምን እንደሚላክለትና እንደማይላክለት ያሳያሉ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ላኪው የለጠፈው ኮሚዩኒቲ (በፕሪፊክሱ ላይ የሚያያዝ መለያ ቁጥር) ነው፤ በብዙ ቦታ በ0 የሚጀምረው «ለዚህ ኤኤስ አትላክ» ማለት ነው። የመደበኛው ኮሚዩኒቲ እያንዳንዱ ግማሽ 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ65535 በላይ የሆነ ኤኤስ ቁጥር አይገባበትም። ለእነዚህ ላርጅ ኮሚዩኒቲ ያስፈልጋል፤ «ከልክዬው ነበር፣ አሁንም ይደርሰዋል» የሚል አባል ሲመጣ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት።

10. ፕሪፊክስ አለ፣ ትራፊክ የለም

ራውት ሰርቨሩ ትራፊክ እንደማያሳልፍ ያስታወስኳችሁ ለዚህ ነው። ሁለት አባላት ሁለቱም ከእናንተ ጋር ኢስታብሊሽድ ሆነው እርስ በርስ ላይገናኙ ይችላሉ። ከራውት ሰርቨሩ ፒንግ ማድረግም፣ ከራውት ሰርቨሩ ጋር ያለው ቢኤፍዲም (ፈጣን የግንኙነት መፈተሻ) የእነሱን መንገድ አይፈትንም።

አባሉ ከራሱ ራውተር እነዚህን ይፈትሽ፦

ሀ) ፕሪፊክሱ ሠንጠረዡ ውስጥ ገብቷል? ካልገባ «ኢንፎርስ ፈርስት ኤኤስ» የሚባለውን ፍተሻ ያጥፋ። ይህ ፍተሻ የመንገዱ የመጀመሪያ ኤኤስ የጎረቤቱ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ራውት ሰርቨር ግን የራሱን ኤኤስ አይጨምርም። በሲስኮ አይኦኤስ ማንም ሳያዘው የበራ ነው። እንደ ሶፍትዌሩ ሴሽኑን በ3/11 ይዘጋል፣ ወይም ፕሪፊክሶቹን ብቻ በጸጥታ ይጥላል።

ለ) ገብቶ ከሆነ ተመራጭ ነው? የትራንዚቱ (የኢንተርኔት አቅራቢው) ሎካል ፕሪፈረንስ፣ ማለትም የምርጫ ደረጃው፣ ከፍ ብሎ ከተተወ ከልውውጥ ነጥቡ የመጣው መንገድ ተቀምጦ አይመረጥም።

ሐ) ከተመረጠ ኔክስት ሆፑን፣ ማለትም የሌላውን አባል አድራሻ፣ ፒንግ ያድርግ። ካልመለሰ አርፑን ይይ፤ በስዊቾቹ መካከል ያለ ቪላን (በስዊቾች ላይ የተለየ ኔትወርክ) በአንድ ወገን ብቻ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ይህን መጠገን የእናንተ ሥራ ነው።

መ) የመመለሻውስ መንገድ? ትራፊክ ይሄዳል እንጂ አይመለስም የሚባለው ብዙ ጊዜ ሌላኛው አባል የዚህኛውን ፕሪፊክስ ስላልተቀበለ ነው። ደረጃ 9ን በተቃራኒው አቅጣጫ ድገሙት።

11. ማስተካከያውን ስታስገቡ

ፋይሉን ካረማችሁ በኋላ «ኮንፊገር ቼክ» በሉ፤ ሳያስገባ ሰዋስዉን ብቻ ይፈትሻል። ከዚያ «ኮንፊገር ታይምአውት» በሉ፤ በ300 ሰከንድ ውስጥ «ኮንፊገር ኮንፈርም» ካላላችሁ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ፊልተር ብቻ ከተለወጠ ሴሽን መዝጋት አያስፈልግም፤ «ሪሎድ ኢን» ከአባሉ ስም ጋር ይበቃል፣ አባሉ ራውት ሪፍሬሽ (ሴሽን ሳይዘጋ ፕሪፊክሶችን እንደገና መላክ) እስከደገፈ ድረስ። በመጨረሻ የደረጃ 1ን ቁጥሮች እንደገና አነጻጽሩ፣ በሁለቱም ሰርቨር ላይ።

ማስጠንቀቂያዎች

- «ሪስታርት ኦል» አትበሉ። የአንድ አባልን ሴሽን ለማንሳት ብላችሁ ሁሉንም ትጥላላችሁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመለሱ ደግሞ ሲፒዩው ይጨነቃል።
- ሁለቱን ራውት ሰርቨሮች በአንድ ቀን አትለውጡ። አንዱ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሂድ፤ ሁለት የሆኑት ለዚህ ነው።
- «ለሙከራ» ብላችሁ ፊልተር አትክፈቱ። 1 ደቂቃ የተከፈተ ፊልተር የአንዱን አባል ስህተት ለሁሉም ያደርሳል።
- የአባልን የይለፍ ቃል ያለበት የኮንፊግ ቁራጭ ለሌላ ሰው አትላኩ። ሉኪንግ ግላሱ የተሠራው ለዚህ ነው።
- በስዊች ጥገና ጊዜ ሊንኩን በድንገት አትቁረጡ። አርኤፍሲ 8327 እንደሚያስረዳው አስቀድማችሁ በፒሪንግ ኔትወርኩ አድራሻዎች መካከል ፖርት 179ን ብቻ ዝጉ። ሆልድ ታይም ያልቃል፣ ትራፊኩ በሌላ መንገድ ይሄዳል፣ ፖርቱ ጸጥ ሲል ትነካላችሁ። የዘጋችሁበትን አክሰስ ሊስት ማንሳት ግን አትርሱ።

የተለመዱ ስህተቶች

- የጎረቤቱን አይፒ ትክክል አድርጎ ሰብኔት ማስኩን መሳት። የፒሪንግ ኔትወርኩ /23 ሆኖ አባሉ /24 ካስገባ ከግማሹ አባላት ጋር ይገናኛል፣ ከግማሹ አይገናኝም። ራውት ሰርቨሩ አባሉ ባለበት ግማሽ ላይ ካለ ሴሽኑም ኢስታብሊሽድ ነው፤ ማንም ማስኩን አይጠረጥርም።
- የፒሪንግ ኔትወርኩን ፕሪፊክስ ራሱን ወደ ውጭ ማወጅ። አንድ አባል ሲያደርገው ሌሎች አባላት የኔክስት ሆፑን መንገድ በሌላ አቅጣጫ ሊማሩ ይችላሉ።
- የኢምፖርት ጣሪያ አድርጎ የሪሲቭ ጣሪያን መተው። የመጀመሪያው የሚቆጥረው ፊልተር ያለፈውን ብቻ ነው። «ኪፕ ፊልተርድ» ሲበራ የተጣሉትም ሜሞሪ ይይዛሉና አባሉ ሙሉ ሠንጠረዥ ቢያፈስ የሚያድናችሁ ሁለተኛው ነው።
- አዲስ አባል ሲገባ አይፒቪ4ን ፈትኖ አይፒቪ6ን «በኋላ» ማለት። ያ «በኋላ» የሚመጣው አይፒቪ4 በወደቀ ሌሊት ነው፤ ያኔ በደረጃ 4 የምታነጻጽሩበት ሁለት ሴሽን ጎድሎ ታገኙታላችሁ።